ፊቴ ሲነድ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገዛ ፊቴ ነው። ሰው ስለ ፊቱ ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእድርተኛም ከዘመድም ደብቄ የያዝኩት ጉዳይ ነው፤ የ16 ዓመቷ ልጄ ባትኖር አሁንም አልጽፈውም ነበር። የእሷን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ምጣዱን ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ እሁድ ጠዋት የሳምንቱን እንጀራ እጋግራለሁ። አክንባሎውን ባነሳሁ ቁጥር እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል። ይህ የማንም ጋጋሪ ዕጣ ነው፤ ሌላው ሰው ፊቱን በቀሚሱ ጫፍ አበስ አድርጎ ይቀጥላል። እኔ ግን ጋግሬ ጨርሼ፣ ምጣዱን አጥፍቼ፣ ቁጭ ብዬ እንኳ ጉንጬና አፍንጫዬ ይነዳል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት። መስታወት ፊት ስቆም ግን ያን ያህል የሚታይ ነገር የለም። ጠይም ነኝ፤ ጠይም ሰው ሲቀላ ቅላቱ አይጮኽም፤ ጠቆር፣ ወዛ፣ ትንሽ እብጥ ያለ ይመስላል እንጂ።

«እስቲ እየኝ፣ እሳት አልመሰልኩም?» እለዋለሁ ባለቤቴን።

«ምንም አይታየኝም» ይላል ከስልኩ ቀና ሳይል። አንድ ቀን እጁን ይዤ ጉንጬ ላይ አስቀመጥኩለት። ያኔ ደነገጠ።

ቀጥሎ ሽፍታው መጣ። ጉንጬ፣ አፍንጫዬ፣ አገጬ ላይ ቀያይ ጥቃቅን እብጠቶች። በ39 ዓመቴ ብጉር! ጎረምሳው የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ ከእኔ ተጋባብሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። የከፋው የእድሩ ቀን ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ድስቶች አጠገብ ስሠራ ውዬ ወጣ ስል፣ አንዲት የማከብራቸው እናት ጎተት አድርገውኝ «ልጄ፣ መጠጥ ጀመርሽ ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አሉኝ። አፍንጫዬን አይተው ነው። ጠጅ በዓመት ሁለት ብርሌ የማልጠጣ ሴት፣ ያን ቀን ማታ አልቅሻለሁ።

እንግዲህ ፊት ሲታመም የማይመክር ሰው የለም። ሎሚ ቀባሁ። እርድ በማር ለጠፍኩ። ቆሻሻ ነው ብዬ በልብስ ሳሙና በቀን ሦስቴ ፈተግሁ። አልኮል በጥጥ ነክሬ ጠረግሁ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ማቃጠል «ጀርሙን እየገደለው ነው» ብዬ በደስታ ነው የቻልኩት። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ያመኛል። ታሞ የሚጮኽን ቆዳ ስለ ጮኸ እንደ መግረፍ ነበር።

በዚህ መሀል ከሦስተኛው ልጄ ወሊድ የቀረብኝ ማድያትም ነበረ። ፀጉሬን የምሠራበት ቤት አንዲት ልጅ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተቀየጠ ክሬም ሰጠችኝ። ከሦስት ቱቦ የተጨመቀ ነው፤ ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። «ማታ ማታ ቅቢ፤ በሁለት ሳምንት ታመሰግኚኛለሽ» አለችኝ። እውነትም አመሰገንኳት። ሽፍታው ጠፋ፣ ማድያቱ ሳሳ፣ ፊቴ ብርት አለ። በዚያው ወር ታናሽ ወንድሜ ተዳረና፣ የሠርጉ ፎቶ ላይ እኔ ከሙሽራይቱ እኩል የማበራ ነኝ። ፎቶው ተለቅ ብሎ ሳሎን ተሰቀለ።

አምስት ወር ተቀባሁት። ከዚያ ልጅቷ ሥራ ቀየረች፣ ክሬሙም አለቀ። ሦስት ቀን ሳልቀባ ስቆይ፣ በአራተኛው ቀን ስነሳ ፊቴ የኔ አልመስልህ አለኝ። አብጧል፣ ይነዳል፣ ያሳክካል፤ ሽፍታው በእጥፍ ተመልሷል፤ ጉንጬ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይታያሉ። ውኃ እንኳ ሲነካኝ ያቃጥለኝ ነበር።

«አለርት ሂጂ» ያለችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ለቆዳ ከዚያ የተሻለ ምን አለ ብላ። አለርት የእኛው ክፍለ ከተማ ሆስፒታል ነው፤ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ብይዝ ዘነበወርቅ እወርዳለሁ። እናቴ ግን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ዘነበወርቅ? እዚያ ስትገቢ ሰው ቢያይሽስ?» የእናቴ ዘመን ሰዎች «ዘነበወርቅ» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ ልዕልቲቱ ያረፉት በ1926 ዓ.ም. ነው። አለርት ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆኖ እዚያው ተቋቋመ። ሥጋ ደዌ ዛሬ በክኒን የሚድን ሆኗል፤ አለርትም ዓይንም፣ አጥንትም፣ ሌላ ሌላውንም የሚያክም ትልቅ ሆስፒታል ከሆነ ስንት ጊዜው ነው። ሐሜቱ ግን ከክኒኑ የበለጠ ዕድሜ አለው። «እማዬ፣ ሰው ፊቴን እያየ ሰካራም ብሎኝ የለ፤ ከዚህ በላይ ምን ይለኛል?» አልኳትና ሄድኩ።

ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። መጀመሪያ ምን እንደምቀባ ጠየቀችኝ እንጂ ፊቴን አላየችም። ባዶውን ዕቃ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ አገላበጠችው፣ «እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም እርስዎም አናውቅም፤ ግን እንዲህ ቶሎ የሚያበራ፣ ሲቆም ደግሞ እንዲህ የሚያነድ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው» አለች። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ክሬሞች ከዚህ ወገን ናቸው። መድኃኒትነታቸው የታወቀ ነው፤ ሐኪም ለክፉ ችፌ ለተወሰነ ቀን ሲያዝዛቸው ጥሩ ይሠራሉ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሱታል፣ የደም ሥሮቹን ያሰፏቸዋል፣ ሲቆሙ ደግሞ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል።

ከዚያ በቀጭን መስታወት ጉንጬን ጫን አደረገችው። ቅላቱ ከመስታወቱ ሥር ጠፋ፤ ስትለቀው ተመለሰ። ደሙ በሰፉ ሥሮች ውስጥ መሆኑን የምታየው እንዲህ ነው። በጥጥ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ይሰማኝ እንደሆነም ጠየቀችኝ፤ ሥጋ ደዌ ሲሆን ቆዳው ይደነዝዛል። የእኔ ችግር ተቃራኒው ነበር፤ ከመጠን በላይ ይሰማኛል። አፍንጫዬ ላይ የብጉር ጥቁር ነጥብ እንደሌለም አየች። ብጉር ነጠብጣቡን ይዞ ይመጣል፤ ይህኛው አይዞም። ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኝ እንደሆነም ስትጠይቀኝ ደነገጥኩ፤ ይቆረቁረኝ ነበር፣ ግን ከፊቴ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። በሽታው ዓይንንም ስለሚነካ ወደ ዓይን ክፍል ላከችኝ።

«ሮዜሺያ ይባላል» አለችኝ። ክሬሙ አባባሰው እንጂ ከእሱ በፊትም፣ ያን ምጣድ ስከፍት ጀምሮ፣ ነበረብኝ። የአማርኛ ስም የለውም። ቃሉ ከላቲን ነው፤ ጽጌረዳ የመሰለ እንደ ማለት ነው። ዋናው ጣጣም እዚህ ስም ላይ ያለ ይመስለኛል። የአውሮፓ ሐኪሞች በነጭ ቆዳ ላይ ስላዩት በቀለሙ ጠሩት፤ ለረጅም ጊዜም የነጭ ሰው በሽታ ተደርጎ ነው የታየው። እኛ ላይ ጽጌረዳው አይታይም፤ ሙቀቱ፣ ማቃጠሉና ሽፍታው ነው ያለው። ስለዚህ ብጉር ይባላል፣ አለርጂ ይባላል፣ መጠጥ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከቆሻሻ አይመጣም። ጨርሶ የሚነቀል ሳይሆን የሚገራ በሽታ ነው።

ለሽፍታው የሚቀባ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘልኝ፤ አዎ፣ ለጃርዲያ የምንውጠው ያው መድኃኒት በቅባት መልክ። ለተወሰኑ ሳምንታትም ዶክሲሳይክሊን ክኒን። እነዚህን ስሞች የጻፍኩት ፋርማሲ ሄዳችሁ እንድትገዙ አይደለም፤ ዶክሲሳይክሊን ለምሳሌ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ቆዳንም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ከሐኪሟ የቀሩልኝ ቃላት ግን ስለ መድኃኒቱ አይደሉም። «ፊትዎን ይተዉት» አለችኝ። ለብ ባለ ውኃ፣ በጣት ብቻ፣ ማታ አንድ ጊዜ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና፤ ጠዋት ውኃ ብቻ። በፎጣ ማሸት የለም፣ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ከዚያ ሽቶ የሌለው ቀላል ቅባት። አዲስ ቅባት ሲገዛ መጀመሪያ አገጭ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ጥቂት ቀን መሞከር። እኔ በዚህ የተማርኩት፣ የሕፃን ሥዕል ያለበት ቅባት ሁሉ ለስላሳ አለመሆኑን ነው፤ ሽቶው ብቻውን ያነደኝ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ስቴሮይድ ሲቆም ከመሻሉ በፊት እንደሚብስ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ባትነግረኝ ኖሮ በአምስተኛው ቀን ያችን የፀጉር ቤት ልጅ ፍለጋ በወጣሁ ነበር። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከርኩ ፊቴ ላይ ማሳረፍ፣ መጠበቅ፣ መስታወት አለማየት። ሁለት የእድር ስብሰባ ቀረሁ፤ ቅጣቱንም ከፈልኩ።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁን የሚያሳስበው ይኸው ነውና። «ትኩስ፣ የሚያቃጥል ቅመም፣ ፀሐይ፣ መጠጥ፣ ንዴት ያስነሱታል» ስትለኝ፣ «ቡና ልተው ነው ዶክተር?» አልኳት። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነበር። ሳቀች። «ማን ተዉ አለዎት? ይቀዝቅዝልዎ።»

ቤት ሄጄ ነገሩን ፈታተሽኩት። እ.ኤ.አ. በ1981 ጆናታን ዊልኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህ በሽታ ላለባቸው ሰዎች በ60 ዲግሪ የሞቀ ቡና፣ ያንኑ ያህል የሞቀ ባዶ ውኃ፣ ቀዝቃዛ ቡናና ንጹሕ ካፌይን እየሰጠ ፊታቸውን ተከታተለ። ትኩሱ ቡናም ትኩሱ ውኃም ፊታቸውን አቀላው፤ ቀዝቃዛው ቡናና ካፌይኑ ግን ምንም አላደረጉም። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቡናው አልነበረም። በ2018 ደግሞ ከ82 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ ቡና በብዛት የሚጠጡት በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ ተገኘ። ይህ ቡናን መድኃኒት አያደርገውም። ለእኔ ግን ለዓመታት በስህተት የተጠረጠረ ዘመድ ነፃ ሲወጣ እንደማየት ነበር።

ቀዝቃዛ ቡና መጠጣት ግን በእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ትኩሱን ሳይጠጡ ማስቀመጥ ቡና አፍይውን መናቅ ነው። ጎረቤቴ ቶናውን ልትቀዳ ስትመጣ አቦሉ ሲኒዬ ውስጥ እንዳለ አየችና «ምነው፣ ቡናዬ አልጣመሽም?» አለችኝ ቅር ብሏት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል። በረካው ላይ ስንደርስ እኔ ገና አቦል ላይ ነኝ፤ «የእሷ ቡና ነገ ነው የሚጠጣ» ብለው ይቀልዱብኛል። ቦታዬንም ቀይሬያለሁ። ድሮ ከከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ የምቆላው እኔ ነበርኩ፤ አሁን በር አጠገብ፣ ነፋስ ከሚያልፍበት እቀመጣለሁ፤ የምትቆላው ልጄ ናት።

አንድ ወር ሙሉ በትንሽ ደብተር ምን እንደበላሁ፣ የት እንደዋልኩ፣ ፊቴ መቼ እንደነደደ ጻፍኩ። ይህም የሐኪሟ ምክር ነው፤ የሁሉም ሰው ማስነሻ አንድ አይደለምና። በርበሬ ዋናው ጠላቴ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። ለብ ያለ ሽሮ በልክ ብበላ ምንም አልሆንም፤ ሚጥሚጣ ግን ወዲያው ነው። ዶሮ ወጥን ከመብላት ይልቅ መሥራት ነው የጎዳኝ፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ሦስት አራት ሰዓት እሳት ላይ ማጎንበስ። ስለዚህ በዓል ሲደርስ ማቁላላቱን ከዋዜማው በፊት፣ በየተራ፣ ከእህቴ ጋር ተካፍለን እንጨርሰዋለን። ምጣዱን አሁን የምከፍተው ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ፣ አክንባሎውን ከእኔ በተቃራኒው በኩል ከፈት አድርጌ እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቄ ነው። ይህን ለመማር 40 ዓመት መሙላት ነበረብኝ። አንድ ብርሌ ጠጅ ሳይዛነፍ ያነደኛል፤ እሱን ትቼዋለሁ፤ አልናፈቀኝም።

ፀሐዩ ነው ያታለለኝ። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋን እንደ ወዳጅ ነው የምናየው፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን እንሞቃታለን። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ ነው ያለችው። ሽቅብ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ቢበርድም፣ ደመና ቢኖርም ጨረሩ ያልፋል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ዋጋው ኪስ ይጎዳል፤ ሲገኝ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ለእንደኔ ዓይነቱ ቆዳ ይቀላል ተብያለሁ። በማይገኝበት ወር ጃንጥላ አለ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። መስከረም ላይ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ዘርግቼ ሳልፍ የአጠና ተራ ልጆች «እትዬ፣ ዝናቡ አልቋል!» ይሉኛል። ይበሉ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ፊቴ ብሩህ አይደለም፤ ማድያቱም አለ። የደም ሥሮቹም አልጠፉም። ግን አይነድም፤ ሲነድ ደግሞ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ወደ ልጄ ልመለስ። ከሦስት ሳምንት በፊት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳጥብ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ሽታውን አውቀዋለሁ። ልጄ ጠይም ናት እንደኔ፤ ፊቷ ላይ አንድ ነጥብ የለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለፊት ነው፤ ክላስ ውስጥ ሁሉም ይቀባል።»

«እኔን ምን እንዳደረገኝ እያየሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶ አሳየችኝ። «አንቺ ስትቀቢ እንደዛ ነበርሽ» አለችኝ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹እዚህ ላይ እንዴት ታምሪያለሽ› ሲሉሽ ደስ ይልሻል። አይቻለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ስለ ክሬሙ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ፎቶውን ግን ሁሉም ሰው እንዲያየው ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀልኩት ራሴ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ ከስልኬ ሌላ ፎቶ አወጣሁ፤ ክሬሙን በተውኩ በስድስተኛው ቀን ለሐኪሟ ላሳይ ብዬ ያነሳሁትን። ለማንም አሳይቼው አላውቅም ነበር። ልጄ ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየች፤ አሰፋችው፣ ጉንጬን አየች፣ ዓይኔን አየች። «ያኔ ጉንፋን ነው ብለሽ ክፍልሽ ውስጥ የተኛሽው ይሄ ነው?» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የተቀባችው፤ ጊዜው አጭር ነውና ብዙም ላይጎዳት ይችላል ተብለናል። ዕቃውን አልጣልነውም፤ ለሐኪሟ እናሳያለን ብለን በወረቀት ጠቅልለን አስቀምጠነዋል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮዬ ላይ አብራኝ ትሄዳለች። ለአያቷ የት እንደምንሄድ እሷው ናት የነገረቻት፤ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ።